ሕመሙ ከሥራው መጣ ብሎ ማን ያስረዳ?

አንድ የአርባ ዓመት ሰው ሆዱን ቁርጠት ይዞት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሰገራው ይመረመራል፤ ምንም አልተገኘበትም። ጨጓራ ነው ይባልና መድኃኒት ይታዘዝለታል። ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። አሁን የሆድ ድርቀት ተጨምሯል፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፣ ሚስቱም «ጠባዩ ተለዋውጧል» ትላለች። የደም ማነስ ነው ተብሎ የአይረን እንክብል ይጨመርለታል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የቀኝ እጁ ከአንጓው ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ቀና ላድርገው ቢል አይታዘዘውም። ያዩት ሐኪሞች ሁሉ የሚገባውን ጠይቀዋል፤ የት ጋ እንደሚያመው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደበላ። ሥራው ምን እንደሆነ የጠየቀው ግን የለም። ሰውየው ያረጀ የመኪና ባትሪ እየፈታ፣ ውስጡ ያለውን ሊድ (እርሳስ የሚባለውን ብረት) እያቀለጠ የሚሸጥ ነው።

ጥያቄው አዲስ ሆኖ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፉትን መጽሐፍ በ1700 ሲያሳትሙ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጥንት ጀምሮ ሐኪም ለበሽተኛ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው እንዲጨመር መክረው ነበር። ሦስት መቶ ዓመት አልፎም፣ ወረፋው እስከ በር በተሰለፈበት የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚዘለለው ይኸው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የዕለት ሥራቸው ያደረጉ ሐኪሞች አሉ፤ የሙያና የአካባቢ ጤና ሐኪሞች ይባላሉ። በሽተኛውን ያክማሉ፤ ከዚያ ደግሞ በሽተኛው የወጣበትን ፋብሪካ፣ የእርሻ ማሳ ወይም ሰፈር ይመረምራሉ። የሚከብደው ይህኛው ነው።

ለምን ይከብዳል? የወባ በሽተኛ ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተውሳኩ እዚያው አለ፤ ክርክሩ ያበቃል። በሊድ የተመረዘ ሰው ግን ቁርጠቱ የማንም ቁርጠት፣ ድካሙም የማንም ድካም ይመስላል። አንዳንዱ መርዝ ጉዳቱን የሚያሳየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ በዚህ መሃል ሠራተኛው ሦስት መሥሪያ ቤት ቀይሯል። ይበልጥ የሚያሳስት ሌላ ነገርም አለ። አንድ ተመራማሪ ፋብሪካ ገብቶ ቆመው የሚሠሩትን ሰዎች ቢመረምር በአብዛኛው የሚያገኘው ጤነኞችን ነው። የታመሙት ቤታቸው ተኝተዋል፣ ወይም አገራቸው ገብተዋል፣ ወይም ተቀብረዋል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ዱቄት ምን እንደሆነ፣ ማን መቼና ለምን ሥራ እንደለቀቀ በትክክል የሚያውቀው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ሙያው ከተጀመረ ጀምሮ ከአንድ ክርክር ወጥቶ አያውቅም፦ ማስረጃ የማቅረቡ ግዴታ በማን ላይ ይውደቅ? «ይጎዳል» በሚለው ላይ ወይስ «አይጎዳም» በሚለው? እንደ እኔ ይህን ክርክር ከአሜሪካዊቷ ሐኪም ከዶክተር አሊስ ሃሚልተን ሥራ በላይ አጥርቶ የሚያሳይ የለም።

አሊስ ሃሚልተን በ1869 ኒው ዮርክ ተወለዱ፤ ያደጉት በኢንዲያና ግዛት ፎርት ዌይን ከተማ ነው። በ1893 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ከዚያ ለተጨማሪ ትምህርት ጀርመን ሲሄዱ ወንዶቹ ተማሪዎች እንዳያዩዋቸው ጥግ ላይ እየተቀመጡ ነበር ትምህርቱን የሚከታተሉት። በ1897 ሺካጎ ገብተው ለሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ፓቶሎጂ (በሽታ በሰውነት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የሚያጠና ትምህርት) ማስተማር ጀመሩ፤ መኖሪያቸውን ግን ስደተኞች በሚበዙበት ድሃ ሰፈር፣ ጄን አዳምስ ጎረቤቱን ለመርዳት ባቋቋሙት ሃል ሀውስ የተባለ ቤት አደረጉ። የሕይወታቸውን አቅጣጫ የቀየረው ከትምህርቱ ይልቅ አድራሻቸው ይመስለኛል። በየማታው የሚያገኟቸው ጎረቤቶች የብረት ማቅለጫ፣ የቀለም ፋብሪካና የቄራ ሠራተኞች ነበሩ፤ ባላቸው እጁ ሽባ የሆነባቸውን፣ ሳንባው የተበላሸባቸውን ሚስቶች ታሪክ ከአፋቸው ይሰሙ ነበር።

እዚያው ሳሉ አንድ ትምህርት አገኙ። በ1902 ሺካጎ ውስጥ የታይፎይድ ወረርሽኝ ተነሥቶ የሃል ሀውስ አካባቢ ክፉኛ ተመታ። ሃሚልተን ምክንያቱን ሲፈልጉ በየግቢው የተከፈቱት መጸዳጃዎችና በላያቸው የሚያንዣብቡት ዝንቦች ዓይናቸው ውስጥ ገቡ። ዝንቦቹን ሰብስበው መረመሩ፣ የታይፎይድ ባክቴሪያም አገኙባቸው፤ ጽሑፋቸውም ትልቅ ስም አተረፈላቸው። በኋላ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ እንደነበር ታወቀ፤ የውሃ ማስተላለፊያው ተበላሽቶ ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃው ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ የከተማው ጤና መሥሪያ ቤትም ነገሩን ደብቆት ነበር። ሃሚልተን የዝንቡ ዝና እስከ እርጅናቸው ድረስ እየተከተላቸው እንዳሳፈራቸው ጽፈዋል። ዝንቡ ላይ ባክቴሪያ መገኘቱ ዝንቡ ወረርሽኙን እንዳመጣ አያረጋግጥም። ሁለት ነገር አብሮ መታየቱ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት እንዳልሆነ፣ ዋናው መረጃ ደግሞ ሊደበቅ እንደሚችል በአንድ ጊዜ የተማሩት ያኔ ነው።

የኢሊኖይ ግዛት በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመና በ1910 ሃሚልተን የሕክምና ምርመራውን መሩ። በዚያው ዓመት ብራስልስ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተገኝተው ነበር። አውሮፓውያኑ ስለ አሜሪካ ሲጠይቋቸው መልስ አጡ፤ በየፋብሪካው ስንት ሰው እንደሚመረዝ፣ ምን ዓይነት ሕግ እንዳለ የተመዘገበ ነገር የለም። አንድ የቤልጂግ ባለሥልጣን «በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ጤና ጥበቃ የሚባል ነገር የለም» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። አሜሪካ ውስጥ የሚባለው ደግሞ ተቃራኒው ነበር፦ ፋብሪካዎቻችን ከአውሮፓ የተሻሉ ናቸው፣ ሠራተኞቻችን የተሻለ ይበላሉ፣ ስለዚህ ችግሩ እኛ ጋ አይኖርም። አልተቆጠረምና የለም፤ ለዚህ ዓይነቱ አባባል እኛም እንግዳ አይደለንም።

ሃሚልተን ለመቁጠር ተነሡ። ፋብሪካ በመግባት ብቻ አላበቁም፤ የሆስፒታል መዝገብ አገላበጡ፣ የሠራተኛ ማኅበራትን፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤቶችንና ቄሶችን ጠየቁ፣ የበሽተኞችን ቤት በእግራቸው ፈለጉ። በመዝገብ ላይ የሰፈረው የፖላንድ ወይም የቡልጋሪያ ስም በጸሐፊው እጅ ተበላሽቶ ሰውየውን ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። በመጨረሻ ሊድ የሚያስመርዝባቸውን ከ70 በላይ የሥራ ዓይነቶች ለዩ፤ 578 የመመረዝ ሁኔታዎችንም መዘገቡ። በቀለም ፋብሪካና በማቅለጫ ሰው እንደሚመረዝ አስቀድሞም ይገመት ነበር። የተቀረጸ ብርጭቆ የሚወለውሉ፣ የሬሳ ሣጥን ጌጥ የሚሠሩ፣ ሲጋር በብራማ ወረቀት የሚጠቀልሉ ሠራተኞች በሊድ ይመረዛሉ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። «ቆርቆሮ» እየተባለ የሚጠራው ያ ብራማ መጠቅለያ ሊድ ኖሯል።

አንዱን ሥራ ጠጋ ብለን እንየው። የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነጭ አንጸባራቂ ሽፋኑ ኤናሜል ይባላል። በዚያ ዘመን ገንዳው ቀይ ፍም እስኪመስል በምድጃ ይግላል፤ ወጥቶ በሚሽከረከር ገበታ ላይ ይደረጋል፤ ሠራተኛው በላዩ ጎንበስ ብሎ ረጅም እጀታ ባለው ወንፊት የኤናሜሉን ዱቄት ይነሰንስበታል። ዱቄቱ የሚያርፍበት ብረት ስለሚፋጅ ሙቀቱ ብናኙን መልሶ ወደ ሠራተኛው ፊት ያነሣዋል። ሰውየው በሙቀቱ ምክንያት በኃይል ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰውም ያንን ነው። ምሳውን እዚያው አጠገብ ይበላል። ለሃሚልተን ግን በእንደዚህ ዓይነት ፋብሪካ ውስጥ «ኤናሜላችን ሊድ የለበትም» ተብሎ ነበር የተነገራቸው። በኋላ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ ቁርጠትና የእጅ ሽባነት ያለበት ፖላንዳዊ አገኙ፤ ዱቄቱም በቤተ ሙከራ ሲመረመር ሊዱ ተገኘ። የባለቤቱ ቃል፣ የበሽተኛው እጅና የኬሚስቱ ውጤት ሦስቱም ፊት ለፊት የሚቀመጡበት አሠራር ከዚያ በኋላ የሃሚልተን መለያ ሆነ።

ከባለቤቶቹ ጋር የሚከራከሩበት ሌላ ነጥብ ነበር። «ሠራተኞቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ ስለሚበሉ ነው የሚታመሙት» ይባል ነበር፤ ጥፋቱ የንጽሕና ጉድለት ተደርጎ በታማሚው ላይ ይጫናል። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የመጀመሪያው የሕክምና ተቆጣጣሪ ቶማስ ሌግ ሊድ በዋናነት የሚገባው በሚተነፈስ ብናኝና ጭስ መሆኑን አስቀድመው አሳይተው ነበር፤ ሃሚልተንም በዚህ ጸኑ። ልዩነቱ ቀላል አይምሰልዎ። መንገዱ አፍ ከሆነ መፍትሔው ሳሙና ነው፣ ኃላፊነቱም የሠራተኛው ነው። መንገዱ ሳንባ ከሆነ ግን መፍትሔው ማሽኑን መክደን፣ አቧራውን በማራገቢያ መሳብ፣ ዱቄቱን በእርጥቡ መሥራት ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያደርገው የፋብሪካው ባለቤት ብቻ ነው። ሃሚልተን ያቀረቡት ንጽጽር አለ፦ 90 ሰዎች የሚሠሩበት አንድ የእንግሊዝ የሊድ ፋብሪካ አምስት ዓመት በተከታታይ አንድም ሰው አልተመረዘበትም፤ 85 ሰዎች ያሉበት አንድ የአሜሪካ ፋብሪካ ግን በስድስት ወር 35 ሰዎች ተመርዘውበታል። እንግሊዞቹ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ እጃቸውን ስለታጠቡ ነው ለማለት ይከብዳል።

ሁሉም ባለቤት ክፉ ነበር ማለት አይደለም፤ እሳቸውም እንዲህ አይሉም። የአንድ ትልቅ የሊድ ኩባንያ ኃላፊ የነበሩት ኤድዋርድ ኮርኒሽ ሠራተኞቻቸው እንደሚመረዙ ሲነገራቸው ተናደዱ፤ ሰዎቼ ደኅና ናቸው፣ አይደሉም ካሉ ማስረጃ ያምጡ አሉ። ሃሚልተን ሄደው ሆስፒታል እስከ መተኛት የደረሱ የ22 ሠራተኞችን ማስረጃ ይዘው ተመለሱ። ኮርኒሽ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ሕግ ሳያስገድዳቸው የአቧራ መከላከያ አስገጠሙ፣ ሐኪም ቀጠሩ። በ1911 ኢሊኖይ በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን የሚመለከት ሕግ አወጣች፤ ሃሚልተንም ለፌዴራሉ የሠራተኞች ጉዳይ ቢሮ ምርመራቸውን በመላ አገሪቱ ቀጠሉ። ፋብሪካ የመግባት ሥልጣን አልነበራቸውም። በጨዋነት ይጠይቃሉ፣ ከተፈቀደላቸው ይገባሉ። የኮርኒሽ ታሪክ ልብ ያሞቃል፤ ግን ልብ እንበል፦ 22 ሰዎች መጀመሪያ መታመም ነበረባቸው።

ቀሪውን ሥራቸውን በጥቂቱ ልንካ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፈንጂ ፋብሪካዎች የሚገኙበት ቦታ ምስጢር ስለነበር፣ ከሩቅ የሚታየውን ቢጫና ብርቱካንማ ጭስ፣ በመንገድ ላይ ያገኟቸውን ቆዳቸው ቢጫ የሆኑ ሠራተኞች እየተከተሉ ነበር የሚደርሱባቸው። የባርኔጣ ሠራተኞችን የሚያንቀጠቅጠውን ሜርኩሪ መረመሩ። ሰው ሠራሽ ሐር በሚመረትበት ፋብሪካ አእምሮ የሚያቃውሰውን ካርቦን ዳይሰልፋይድ አጠኑ።

ከእነዚህ ውስጥ በ1918 በቤድፎርድ፣ ኢንዲያና ያደረጉት ጥናት ትንሽ ቆም ያሰኛል። የኖራ ድንጋይ ጠራቢዎቹ በታመቀ አየር የሚሠራ፣ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚመታ መዶሻ ይጠቀሙ ነበር። በብርድ ጠዋት ጣቶቻቸው በድን እስኪመስሉ ይነጣሉ፤ ነጩና ጤናማው ሥጋ የሚለያዩበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጣቱ በመርፌ ቢወጋ አይሰማውም። ይበልጥ የሚጎዳው መዶሻውን የያዘው ቀኝ እጅ ሳይሆን መሮውን ጨብጦ ንዝረቱን የሚቀበለው ግራ እጅ ነው። ሃሚልተን ምክንያቱ ንዝረቱ፣ ብርዱና የጭብጡ ጥብቀት መሆኑን ጻፉ። ከ60 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ወደዚያችው ከተማ ተመልሰው ሄዱ። በተመሳሳይ መሣሪያ የሚሠሩ ጠራቢዎች፣ ተመሳሳይ ነጭ ጣቶች አገኙ። ምክንያትን ማወቅና ምክንያትን ማስወገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምን አለ?

በ1919 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በኢንዱስትሪ ሕክምና ረዳት ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠራቸው፤ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ሆኑ። ቅጥሩ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ወደ መምህራኑ ክበብ እንዳይገቡ፣ የእግር ኳስ ትኬት እንዳይጠይቁ፣ በምረቃው ሰልፍ ላይ እንዳይታዩ። በ1935 ጡረታ ሲወጡም ያው ረዳት ፕሮፌሰር ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው የፈለጋቸው በሊድ ጉዳይ በአገሩ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው፤ ወደ ትልቁ ክርክርም ያስገባቸው ይኸው ዕውቀት ነው።

በ1921 የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች ቴትራኤቲል ሊድ የተባለ ፈሳሽ በጥቂቱ ቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ሞተሩ እንደማይንኳኳ አገኙ። በ1923 ገበያ ላይ ዋለ። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርሲ ቤይዌይ ማጣሪያ ይህን ፈሳሽ የሚያመርቱ ሠራተኞች በድንገት ያብዱ ጀመር፤ የሌለ ነገር እየታያቸው ይጮኻሉ፣ ይታሰራሉ። አምስቱ ሞቱ፣ ከ30 በላይ ታመሙ። ኒው ዮርክን ጨምሮ አንዳንድ ከተሞች ነዳጁን አገዱ። ግንቦት 20 ቀን 1925 መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ስብሰባ ጠራ።

በስብሰባው የኢንዱስትሪው ወገን መከራከሪያ ጠንካራ ነበር፦ ሞት የደረሰው ንጹሕ ፈሳሹን በሚያመርቱት ላይ ነው፤ እሱን በጥንቃቄ እናስተካክላለን፤ ከመኪና የሚወጣው መጠን ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ሰውን እንደጎዳ አሳዩን። የአምራቹ ተወካይ ነዳጁን የእግዚአብሔር ስጦታ ብለውታል። ሃሚልተን የቆሙት በሌላው ወገን ነው። ሃሳባቸው ከ15 ዓመት የፋብሪካ ልምድ የወጣ ነበር፦ በፋብሪካ ውስጥ ያለውን ሁኔታ መቆጣጠር ይቻል ይሆናል፤ በውጭ ያለውን ዓለም ሁሉ ግን እንዴት ትቆጣጠሩታላችሁ? በፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይከደናል፣ ሐኪም ይቀጠራል፣ የታመመው ከቦታው ይነሣል። በጎዳና ላይ ማን ማንን ይከድናል? ጨቅላ ሕፃኑ፣ እርጉዟ፣ ሽማግሌው የመኪናውን ጭስ ይተነፍሳሉ፤ ሐኪም የለም፣ መዝገብም የለም።

ተሸነፉ። የተቋቋመው ኮሚቴ በጥቂት ወራት ውስጥ ኦሃዮ ውስጥ 252 ሰዎችን መርምሮ በ1926 መጀመሪያ ለማገድ በቂ ምክንያት አላገኘሁም፣ ጥናቱ ግን ይቀጥል አለ። ጥናቱን ያስቀጠለው መንግሥት ሳይሆን ኢንዱስትሪው ራሱ ነው። ለአርባ ዓመት ያህል በጉዳዩ ላይ ዋናው ድምፅ የአምራቹ የሕክምና አማካሪ ሮበርት ኪሆ ነበሩ። አቋማቸው በአጭሩ «ጉዳት መኖሩ ይረጋገጥ፣ ያኔ እንተወዋለን» የሚል ነው። ምክንያታዊ ይመስላል፤ ወጥመዱ ግን ውስጡ ነው። ጉዳትን ለማሳየት የተጎዳውን ካልተጎዳው ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። ሊድ በየአየሩ ከተበተነ በኋላ ያልተነካ ሰው ከየት ይመጣል? ኪሆ ለንጽጽር የወሰዷቸው «ጤነኞች» ራሳቸው ሊድ ነበረባቸው፤ እሳቸውም ከዚህ ተነሥተው ሊድ በሰው ገላ ውስጥ መኖሩ ተፈጥሯዊ ነው አሉ። ይህን ያፈረሱት ሐኪም አልነበሩም። የምድርን ዕድሜ የለኩት ክሌር ፓተርሰን ቤተ ሙከራቸው ውስጥ በየቦታው ሊድ እያገኙ ተቸግረው ነገሩን ሲከታተሉ፣ በ1965 የተለመደው መጠንና የተፈጥሮው መጠን አንድ እንዳልሆኑ፣ የዘመኑ ሰው በገላው የተሸከመው ሊድ ከተፈጥሮው በመቶ እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ሕፃናት ሐኪሞች ሄደ። ፊሊፕ ላንድሪጋን የተባሉ ወጣት የሕፃናት ሐኪም በ1972 ከአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ወደ ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ ተላኩ። ከተማዋ ውስጥ ያለ ማቅለጫ በሦስት ዓመት ብቻ ከ1,000 ቶን በላይ ሊድ ወደ አየር ለቆ ነበር። ከማቅለጫው በ1.6 ኪሎ ሜትር ክልል ከሚኖሩት ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ከግማሽ በላዩ በደማቸው ውስጥ በዴሲ ሊትር 40 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሊድ ተገኘባቸው። ልጆቹ ሲታዩ ይሮጣሉ፣ ይጫወታሉ፤ ማንም የታመሙ አይላቸውም። የአእምሮ ችሎታቸውና የጣቶቻቸው ፍጥነት ሲለካ ነው ልዩነቱ የወጣው። በ1979 ኸርበርት ኒድልማን በማሳቹሴትስ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን የወለቁ የወተት ጥርሶች ሰብስበው ለኩ። ደም ያለፉትን ሳምንታት ብቻ ሲናገር ጥርስ ዓመታትን ያስቀምጣል። ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ ሊድ ያለባቸው ልጆች በአእምሮ ፈተና በ4 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብለው ተገኙ፤ መምህሮቻቸውም ስለ ትኩረታቸው የሰጡት ምስክርነት የከፋ ነበር። ኒድልማን ለዚህ ሥራቸው በሳይንስ ማጭበርበር ተከስሰው ለዓመታት ተንገላቱ፤ በመጨረሻ ነፃ ወጡ።

አራት ነጥብ ምንድን ነው የሚል ይኖራል። ለአንድ ልጅ ላይታወቅ ይችላል። በአንድ አገር ልጆች ሁሉ ላይ ሲደርስ ግን እጅግ ጎበዝ የሚባሉት ቁጥር ይቀንሳል፣ ልዩ እርዳታ የሚሹት ይበዛሉ። አሜሪካ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሊዱን ከቤንዚን እየቀነሰች ስትሄድ ከ1976 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ብቻ የሕዝቡ አማካይ የደም ሊድ በ37 በመቶ ወረደ፤ ለ50 ዓመት «አሳዩን» ሲባል የቆየው ነገር የታየው ሲያቆሙት ነው። ለልጆች አሳሳቢ የሚባለው መጠን በ1960ዎቹ 60 ማይክሮግራም ነበር፤ በ1991 10፣ በ2012 5፣ ከ2021 ጀምሮ 3.5 ሆኗል። ይህም ቢሆን ከዚያ በታች ጉዳት የለም ማለት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የታወቀ መጠን የለም ይላል። አሊስ ሃሚልተን መስከረም 1970 በ101 ዓመታቸው አረፉ፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግ የተፈረመው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ሊድ ያለበት ቤንዚን መሸጥ በ2006 መጀመሪያ አቆሙ፤ ለመኪና መሸጡ በመጨረሻ በአልጄሪያ በሐምሌ 2021 ሲያበቃ ከዋሽንግተኑ ስብሰባ 96 ዓመት አልፎ ነበር።

ቤንዚኑ ቢጸዳም ሊዱ ሌላ በር አለው። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን ሊድ በሚሊዮን ክፍል 90 ላይ ገድባለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግድግዳና የብረት በር ግን እዚያው አለ፤ ሲፋቅና ሲላጥ ብናኙ ይነሣል። ዋናው ነገር ባትሪ ነው። በ2012 በታተመ ጥናት በጅማ ከተማ የመኪና ጋራዥ ሠራተኞች ደም ሲመረመር በዚህ ሥራ ላይ ካልተሰማሩት ሰዎች ጎልቶ ከፍ ያለ ሊድ ተገኝቶባቸዋል። ባትሪ የሚፈታ፣ የሚበይድ፣ አሮጌ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ቤት የሚቀሩትም አያመልጡም። ብናኙ በቱታው፣ በጫማውና በፀጉሩ ተጣብቆ ይገባል፤ አባት ከሥራ ሲገባ ሮጦ የሚታቀፈው ልጅ ፋብሪካውን ሳያይ ይመረዛል። ስለዚህ ልብሱን ጋራዡ ውስጥ ለውጦ መውጣት፣ የሥራውን ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ለይቶ ማጠብ፣ ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይጠቅማል። ጓንትና ሳሙናም ጥሩ ናቸው፤ ግን ሌግና ሃሚልተን ካሉት ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ የሚመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ማቅለጫውን ከሰው መለየትና ጭሱን በመሳቢያ ማውጣት ነው፤ ወጪውም የአሠሪው ነው። ምርመራ የሚፈልግ ሠራተኛ የደም ሊድ ምርመራ ይጠይቅ፤ ውጤቱ ግን የቅርቡን ጊዜ ብቻ እንደሚናገር ይወቅ። ሊድ በደም ውስጥ የሚቆየው ለሳምንታት ነው፤ የቀረው አጥንት ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ በእርግዝና ጊዜ አጥንቱ ካልሲየም ሲለቅ አብሮ ይወጣና ወደ ፅንሱ ያልፋል። ከአሥር ዓመት በፊት ባትሪ ቤት የሠራች ነፍሰ ጡር ለሐኪሟ ልትነግረው የሚገባው የዛሬ ሥራዋን ብቻ አይደለም፤ የድሮውንም ነው።